ከጭቃ ውስጥ ብቻህን የምታነሳት ሞተር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሐዋሳ ነው፣ ከአቶቴ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስት ዓመት ቦክሰር ነድቻለሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እሁድ እሁድ ከአስፋልት ወጥተን ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ ይርጋለም፣ ሲመቸንም እስከ ሁላ ድረስ በገጠር መንገድ ለመንዳት አስበናል። ደላላ ሦስት ሞተር አሳየኝ። አንዷ አገር ለቅቆ የሚሄድ ፈረንጅ የሚሸጣት 650 ቢኤምደብሊው ናት። ሁለተኛዋ ከድርጅት በጨረታ የወጣች አሮጌ ያማሃ ዲቲ 175፣ ሦስተኛዋ አዲስ የቻይና 250። ልቤ 650ዋ ላይ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ66፣ ኪሎዬ 61 ነው። ያጠራቀምኩት ብር ለ650ዋ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ባዶዬን ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ጭራሽ አልተስማማችም። የትኛዋን ይመክሩኛል? ምን ምንስ ልግዛላት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ 61 ኪሎ የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ።

650ዋን ተዋት። ዲቲዋን፣ ወረቀቷ ንጹህ ከሆነና ከታች የምነግርህን ፈተና ካለፈች፣ ግዛት። የተረፈህን ብር ደግሞ እግርህና ጭንቅላትህ ላይ አውለው። መልሴ ይኸው ነው፣ የቀረው ምክንያቱ ነው።

650ዋ መጥፎ ሞተር ናት እያልኩህ አይደለም። ኤፍ 650 ጂኤስን አውቃታለሁ፣ ከሐዋሳ ሞያሌ ድረስ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እየቀላቀልክ ልትነዳት ብታስብ እኔው ራሴ ደላላው ጋ ይዤህ እሄድ ነበር። ግን ቤንዚን ሞልታ 190 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች። የአንተን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከአስፋልት ውጪ ደግሞ ሞተር ይወድቃል። «ሊወድቅ ይችላል» አላልኩም። እሁድ ጠዋት ሁለቴ ወድቀህ ተነስተህ ስቀህ ትቀጥላለህ፣ ጨዋታው እንደዚያ ነው። ጥያቄው ስትወድቅ ማን ያነሳታል የሚለው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአለታ ወንዶ በላይ ነው። ከወዳጄ የተዋስኳት ትልቅ ሞተር ነበረች፣ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፣ ያ የሲዳማ ቀይ አፈር ታውቀዋለህ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና። የፊት ጎማው ሸሸኝና ሞተሯ የእንሰት አጥር ሥር ካለ ቦይ ውስጥ ተኛች። አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ወገቤን ያዝኩና ቁጭ አልኩ። አምስት ገበሬዎች መጥተው በእንጨት ፈንቅለው አወጡልኝ፣ አንድ ሽማግሌም ዞር ዞር ብለው አይተዋት «ይህቺን በሬ በሁለት በሬ ነው የሚጎትቷት» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን ማንሳት የማልችለውን ሞተር ገጠር ይዤ አልሄድም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ይህን አድርግ። ሞተሯን ሣር ላይ ቀስ አድርገህ አስተኛት። ጀርባህን ለመቀመጫዋ ሰጥተህ፣ ዝቅ ብለህ፣ በወገብህ ሳይሆን በእግሮችህ እየገፋህ አንሳት። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ካጠረህ ያቺ ሞተር ያንተ አይደለችም። ደላላው ይጮሃል። ይጩህ። ዲቲ 175 ከ110 ኪሎ ብዙም አትርቅም፣ ስለዚህ ትችላታለህ።

ስለ ቁመትህ ብዙ አትጨነቅ። የገጠር ሞተሮች ከፍ ያሉ ናቸው፣ ከሥራቸው ድንጋይ ማለፍ ስላለበት። ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤልን ብትወስድ መቀመጫዋ ከመሬት 87.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ባንተ ቁመት በጣትህ ጫፍ ነው የምትነካው። ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ተዳፋት ላይ ስትቆም ነው፣ እግርህን የሰደድክበት ጎን ጉድጓድ ይሆንብህና ሞተሯ በዚያው ትሄዳለች። ከተቻለ የሁለቱም እግሮችህ የፊተኛ መዳፍ መሬት ይንካ። መቀመጫዋ ከፍ ካለችብህ ስፖንጁን ቆረጥ የሚያደርግልህ የመቀመጫ ሠራተኛ ሞልቷል። ሾኩን ዝቅ ለማድረግ ብለህ ግን አትቁረጥ፣ አታስበይድም።

የቻይናዋን 250 እንያት። ሰው እንደሚያወራው መጥፎ አይደለችም። ብዙዎቹ ሞተራቸው ከድሮው ሆንዳ ሲጂ የተቀዳ ነው፣ አየር የሚያቀዘቅዘው፣ ሐዋሳ ውስጥ ያለ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው። ጠላቷ ንዝረት ነው። ብሎኖቿ ይላላሉ። የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉንም አንድ በአንድ ፈትተህ፣ የብሎን ሙጫ ቀብተህ መልሰህ ካላሰርክ የገጠር መንገድ ራሱ ይፈታልሃል። የቸርኬዋም ሽቦዎች እንዲሁ። ሾኳ ደግሞ መልኳን ያህል አይደለም፣ ትልቅ ጉድጓድ ስትገባ ጥግ ድረስ ወርዶ ይመታል። አዲስ ስለሆነች፣ ወረቀቷም ጣጣ ስለሌለው፣ ዲቲዋ ካልሆነችልህ ሁለተኛ ምርጫህ ናት።

ዲቲዋ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አሮጌ ሞተር ሲገዛ ነው ሰው የሚበላው።

የዲቲ ዘር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ያማሃ ባወጣት 250 ሲሲ ሞተር ነው። ተራ ሰው ገዝቶ አስፋልትም ጫካም ሊነዳት የሚችል ቀላል ሞተር ነበረች፣ ብዙ ሰው የገጠር ግልቢያ የጀመረው በእሷ ነው። የአንተዋ 175 የዚያ ቤተሰብ ነች። ባለ ሁለት ምት ናት። ይህ ማለት እንደ ባለ አራት ምት ያለ የቫልቭ አሠራር የላትም፣ ቀላል ናት፣ መጠገኗም ቀላል ነው፣ ግን ዘይቷን ከቤንዚን ጋር አብራ ታቃጥላለች። ለብቻው ትንሽ የዘይት ታንከር አላት፣ ትንሽ ፓምፕም እየለካ ይሰጣታል። ያ ፓምፕ ከሠራ ዕድሜህን ሙሉ ትነዳታለህ። ካልሠራ፣ ወይም ዘይቱ አልቆ ሳታይ ከቀረህ፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የኋላ ጎማህ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል አትጠይቀኝ። የፊት ፍሬኑን በብልሃት ያዝ፣ ፍሪሲዮኑ ግን ሁልጊዜ ከሁለት ጣትህ ሥር ይሁን፣ ሞተሯ ድምጿ ከተለወጠ ወዲያው ጨብጠው።

ስትሄድ እንዲህ ፈትናት። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ንካው። ትኩስ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብለህ ሂድ። ቀዝቃዛ ሳለች በሁለት ሦስት የእግር ምት ከተነሳች ጥሩ ነው። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይኖራል፣ የባለ ሁለት ምት ጠባይ ነው፣ አትደንግጥ። ሞቃ ሙሉ በሙሉ ጭስ ከሌላት ግን ደንግጥ፣ የዘይት ፓምፑን ነቅለው ይሆናል። ጠይቅ፣ በእጅ እየቀላቀሉ ከሆነ በምን መጠን እንደሆነ ይንገሩህ። ካልነገሩህ አላወቁም።

ቀጥሎ ከሥሯ ድጋፍ አስገብተህ የፊት ጎማዋን ከመሬት አስነሳና መሪውን ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ አዙረው። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የአንገቷ ኩሽኔታ አልቋል። የኋላ ጎማዋን ይዘህ ወደ ጎን ወዝውዘው፣ ከተንቀጫቀጨ እዚያም ሥራ አለ። የፊት ሾኮቹ ላይ ዘይት ከታየ ጎሚኒው ሞቷል፣ እሱ ርካሽ ነው፣ ለዋጋ መቀነሻ ተጠቀምበት። ሻንሲዋን ግን በደንብ እይ። አንገቷ ሥርና የእግር ማሳረፊያው አካባቢ አዲስ ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ጥለሃት ሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በራስህ ዓይን አመሳክር፣ ፎቶ አትቀበል። ከድርጅት በጨረታ የወጣች ካልክ ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ገብታ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርልህም። የጨረታውን ደብዳቤና የጉምሩክ ወረቀቱን አሳዩኝ በል። «ስሙን በኋላ እናዞረዋለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰማህ ወሬው አልቋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በደብዳቤህ ላይ ያስደነገጠኝ ሁለተኛ ነገር «ከዚያ በኋላ ባዶዬን ነኝ» ያልከው ነው። ካለህ ከመቶው ብር ከስድሳ አምስት ሰባው በላይ ለሞተሯ አታውጣ። የቀረው የሚለበስና የሚገጠም ነው። ሰው ሁሉ በተቃራኒው ነው የሚያደርገው፣ ሞተር ገዝቶ በሸራ ጫማ ይወጣል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ይርጋለም መውጫ ላይ እግሬ በሞተሯና በድንጋይ መሃል ገብቶ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ፣ በብርድ ቀን አሁንም ይነግረኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦት ጫማ ግዛ። እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ጠንካራ፣ እግርን እንዳይጠመዘዝ የሚይዝ የሞተር ቦት። የክረምት የላስቲክ ቦት አይደለም። ባለ ብረት የሥራ ጫማም አይደለም፣ እሱ ጣትን ነው የሚጠብቀው፣ የሚሰበረው ቁርጭምጭሚት ነው። አዲሱ ውድ ነው፣ ግን ሰልባጅ ተራ በትዕግሥት ብትዞር አንዳንዴ ይገኛል፣ ማንም ምን እንደሆነ ስለማያውቀው በጥሩ ዋጋ ይሸጡልሃል።

ሄልሜት ግን ሰልባጅ አይገዛም። አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ተጨፍልቋል፣ ከውጭ አይታይም፣ ሁለተኛ ጊዜ አያድንም። አዲስ ግዛ፣ ኢሲኢ 22.05 ወይም 22.06 የሚል የደህንነት ፈተና ምልክት ያለው ይሁን፣ ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚደረገውን ቀጭን ፕላስቲክ አይደለም። ጉንጭህን ጫን ማድረግ አለበት፣ ጭንቅላትህን ስትነቀንቅ አብሮ መሄድ አለበት። አገጭ የሚሸፍንና ከፊት ክፍት የሆነውን ዓይነት ከመነጽር ጋር ብትወስድ ይሻልሃል፣ ቀስ ብለህ ዳገት ስትወጣ በዝግ ሄልሜት ትታፈናለህ። ከዚያ የጉልበት መከላከያ፣ ጓንት፣ ቢገኝ የደረትና የክርን። ዋናው ጉልበቱ ነው።

አሁን ሞተሯን እናልብሳት። አንድ ነገር ብቻ ልትለውጥ ብትችል ጎማ ለውጥ። ቦክሰርህ ፊትም ኋላም 17 ኢንች ነው፣ ዲቲዋ ግን ፊት 21 ኋላ 18 ናት። ትልቁ የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ላዩን ያልፋል፣ ልዩነቱን የመጀመሪያው ድንጋያማ ዳገት ላይ ታየዋለህ። ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለ፣ በጥርሶቹም መሃል ሰፊ ክፍተት ያለው ጎማ ፈልግ፣ ክፍተቱ ነው ጭቃውን የሚተፋው። 21 ኢንች ጎማ በየሱቁ ስለማይገኝ ስታገኝ ትርፍ ያዝ፣ ካልሆነም ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ። የ21ዱን ከመነዳሪ ብቻ ብትይዝ ይበቃሃል፣ ሲቸግርህ 18 ውስጥም ታጥፎ ይገባል፣ ቤትህ ያደርስሃል።

ጎሚስታው እንደ ባጃጅ 30 ምናምን ፒኤስአይ ሞልቶ ይሰጥሃል። ለአስፋልት እሺ። ገጠር ስትገባ ግን ወደ 18 አካባቢ አውርደው፣ ድንጋይ የበዛበት መንገድ ላይ ከፍ፣ ጭቃና አሸዋ ላይ ደግሞ ትንሽ ዝቅ። ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን ያቅፋል። ነገር ግን ከዚህ በጣም ካወረድከው ድንጋይ ሲመታህ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል፣ እንደ እባብ ንክሻ። ሌላ ደግሞ የላላ ጎማ ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን ይጎትተዋል። ቫልቩ ላይ ያለችውን ዳዶ ቸርኬው ድረስ አታጥብቃት፣ ወደ ላይ ወደ ክዳኑ አድርሳት። ያኔ ቫልቩ ሲያዘነብል ታያለህ፣ ሳይበጠስ ትደርስበታለህ። ይህን የነገረኝ አንድ አሮጌ ጎሚስታ ነው፣ ስንት ከመነዳሪ እንዳተረፈልኝ። ስትመለስ አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ንፋው፣ ለዚህ ትንሽ የእጅ መንፊያ ያዝ።

ከሞተሯ ሥር ብረት ያስፈልጋታል። ድንጋይ ከሥር ሲመታ ካምቢዮው ቢሰነጠቅ ዘይቱ እዚያው አልቆ ተገፍተህ ትመለሳለህ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ካልተገኘ በያጅ ጋ ሄደህ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ አሠራ። ሻንሲው ላይ እንዳይበይደው ተቆጣጠረው፣ በብሎን ይታሰር፣ በመሃሉም ቁራጭ ጎማ ይግባበት፣ ለዘይት ማውጫዋ ብሎንም ቀዳዳ ይተውላት። የእጅ መከላከያም እንዲሁ፣ ከመሪው ጫፍ እስከ መሃል የሚደርስ ብረት ያለው ይሁን፣ ፕላስቲክ ብቻው ለብርድ ነው የሚጠቅምህ። የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎቹን መሪው ላይ በጣም አታጥብቃቸው። ስትወድቅ ይዙሩ፣ አይሰበሩ።

ከዚያ ጥርሶቹ። ሰንሰለቱን ከሞተሩ ጋር የምታዞረዋን የፊተኛዋን ጥርሳም ብረት አንድ ጥርስ በሚያንስ ለውጣት። ፍጥነትህ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ፍሪሲዮን ሳታቃጥል በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ለአንተ መንገድ ይህ ግዴታ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም አየሩ ራሱ ጉልበትህን ይወስድብሃል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሞተር አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሁላ ከ2,700 በላይ ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም፣ አየሩ ሲሳሳ የቀድሞውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ስትወጣ ድምጿ ከታፈነ፣ ካንዴላዋም ስትፈታት ጥቁር ጥላሸት ከሆነች ቤንዚኑ በዝቷል፣ መካኒክህ ጀት የሚሏትን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ብሎን ባነሰች ይለውጥልህ። ዲቲ ላይ ግን በዓይን ግምት እንዳይቀንሰው፣ በጣም ካሳሳው ባለ ሁለት ምት ሞተር ይግላል፣ ከዚያ ወደዚያችው ወደ ተጣበቀችው ፒስተን እንመለሳለን።

ፊልትሮውን እየረሳን ነው። ከቢላቴ በኩል ያለውን አቧራ ከሄድክበት ታውቀዋለህ። ስፖንጁን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አውጥተህ እጠበው፣ አድርቀው፣ በዘይት አርጥበህ ጨምቀህ መልሰው። ደረቅ ስፖንጅ አቧራ ያሳልፋል፣ አቧራ ደግሞ ሲሊንደር ይፍቃል።

ሾኩን በኪሎህ ልክ አስተካክለው። ብዙ ሰው አይነካውም። ሞተሯን አንስተህ የኋላ ጎማው ሲንጠለጠል ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ለካ፣ ከዚያ ልብስህን ሁሉ ለብሰህ ተቀምጠህ ጓደኛህ ይለካልህ። የወረደው ሾኩ ካለው መንገድ ሲሶ ያህል ይሁን። አንተ ቀላል ስለሆንክ ሞላው ይጠነክርብሃል፣ ላላ ማድረግ ይኖርብሃል። መሪዋን ደግሞ ቆመህ ስትነዳ እንዲመችህ ከፍ አድርጋት፣ ድንጋይ ላይ የሚነዳው ተቆሞ ነው።

የምትይዘውን ዕቃ ላሳጥርልህ። ጎማ መፍቻ ብረት ሁለት፣ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያ፣ ካንዴላ ከነመፍቻዋ፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድና መያዣ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ሽቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የሁለት ምት ዘይት በትንሽ ጠርሙስ። አንድ ድፍን ሳሙናም ጨምር። የቤንዚን ታንከር ቢሰነጠቅብህ ደረቁን ሳሙና ስንጥቁ ላይ ፈግፍገህ ሙላው፣ ቤት እስክትደርስ ይይዝልሃል። ቤንዚን ከገጠር በሃይላንድ መግዛት ከመጣብህ በንጹህ ጨርቅ አጥልለህ ጨምር፣ ካሸተተህም አትግዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ይኖራል።

ወንዝ ሲያጋጥምህ መጀመሪያ በእግርህ ግባበት። ጉልበት ካለፈ ተመለስ። ሞተሯ ውሃ ጠጥታ ከጠፋች አታስነሳት፣ በሙሉ ልቤ ነው የምለው፣ አንዴ በእግርህ ብትመታት እንኳ ውስጧን ልታጣምም ትችላለህ። ካንዴላዋን ፍታ፣ ውሃው በቀዳዳዋ ተፍቶ እስኪያልቅ ድረስ ምታት፣ ፊልትሮውን ጨምቅ፣ ካርቡሬተሩን አራግፍ፣ የካምቢዮው ዘይትም ወተት ከመሰለ ቀይረው። ከዚያ አስነሳ።

ሌላው ስለ መንገዱ ነው። ያ መንገድ የእኛ መጫወቻ ከመሆኑ በፊት የሰው ደጃፍ ነው። ቡና ተክልና እንሰት መሃል ስትገባ ልጅ ከአጥር ሥር ይወጣል፣ በሬ ይደነብራል፣ እናቶች ውሃ ተሸክመው ይመጣሉ። ሞተርህን አጥፍተህ አሳልፋቸው። ሰላም በል። የገበያ ቀን ደግሞ ጠይቅ፣ የድሮው የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፣ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ፣ በዚህ የሚሄዱ ገበያዎች ስላሉ «ባለፈው እሁድ መንገዱ ባዶ ነበር» ብለህ ብትተማመን በቀጣዩ እሁድ ሕዝብ ውስጥ ትገባለህ። ወንዶ ገነት ደኑ ውስጥ ሳይፈቀድ አትግቡ፣ ሰንቀሌም የቆርኬዎቹ መጠበቂያ ነው። ሦስት መሆናችሁ ጥሩ ነው፣ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ አንዱ ሰው ይጠራል። ከሦስት በታች ከሆናችሁ ቀኑን ለውጡት።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ እኔ ብሆንም አልስማማም ነበር። ባዶ ኪስና 190 ኪሎ ሞተር ይዘህ ነው የጠየቅካት። ቦቱንና ሄልሜቱን መጀመሪያ ገዝተህ ቤት አስገባቸው፣ ሞተሯ ከመምጣቷ በፊት። የት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ጻፍላት፣ ሁላ በኩል ኔትወርክ ሲጠፋ ያ ወረቀት ነው የሚያረጋጋት። ከኋላ ልትጭናት ግን አታስብ፣ እሷን በአስፋልት ፍቅር ሐይቅ ወስደህ አሳ ጋብዛት።

የዲቲዋ ወረቀት ካልተሳካ ደግሞ አትናደድ። ሆንዳ ኤክስአር 125 ኤል ወይም 150 ኤል ካገኘህ አስብበት። 150ዋ 130 ኪሎ አካባቢ ናት፣ መቀመጫዋ 82.5 ሳንቲ ሜትር፣ ታንከሯ 12 ሊትር ይይዛል፣ ባለ አራት ምት ስለሆነች ዘይት መቀላቀል የለም። ፊቷ 19 ኢንች ነው፣ ከዲቲዋ ትንሽ ያንሳል፣ ለአንተ ጉዞ ግን ይበቃል። እሷም ካልተገኘች ቦክሰርህ ላይ ጥርሳም ጎማ ግጠምና እስከ ወንዶ ገነት ድረስ ሁለት ወር ተለማመድባት፣ አያሳፍርም።

ነገ ከሥራ ስትወጣ ሊብሬውን ብቻ አይተህ ጻፍልኝ። ደላላው «ነገ ሌላ ሰው ይወስዳታል» ካለህ፣ ይውሰዳት።